የታኅሣሥ ጽዋ

የማስተምርበት የዓለም ከተማ ትምህርት ቤት በር ላይ ዘበኛው ጠዋት ጠዋት እሳት ያነዳሉ። ባለፈው ሰኞ ከደወል በፊት ሦስት ተማሪዎቼ እሳቱን ከበው ቆመዋል። አንዱ ለአያቱ ምርኩዝ የሚሆን እርጥብ የወይራ በትር ጫፉን ፍም ውስጥ ከትቶ ሊያጎብጠው ይታገላል፤ ሁለቱ የሚደግፉት የእንግሊዝ ቡድን በክረምቱ ስላስፈረማቸው ተጫዋቾች ይከራከራሉ። ተከላካዩ አርጅቷል፣ አጥቂው ጉልበቱን ታሟል፣ ያኛው ስለመጣ ግን ዋንጫው የእኛ ነው ይባባላሉ። የወይራው ልጣጭ ጭስ ከሸተተኝና «የእኛ» የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ የዚያን ዕለት በወጉ አላስተማርኩም፤ ልቤ ቀየት ሄዶ ነበር።

ያደግሁት ቀየት አጠገብ ነው። መንደራችንን አንድ ጅረት ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከጅረቱ በላይ ላይ ሰፈር፣ ከጅረቱ በታች ታች ሰፈር ይባላል። የገና ዕለት ሁለቱ ሰፈሮች ገበያው ዳር ባለው መስክ ይጋጠማሉ። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ጨዋታው በቆልማማ ዱላ ጥንጓን፣ ማለትም ከእንጨት የተጠረበች ትንሽ ኳስ፣ እየመቱ እስከ ባላጋራ ድንበር መንዳት ነው። በእኛ ደጋ ወይራ እንደ ልብ ስለማይገኝ ዱላው ከቆላ በአህያ ይመጣና በእሳት ይጎብጣል፤ ኅዳር በገባ ቁጥር መንደሩ ሁሉ ያንን ጭስ ይሸታል። ያሸነፈ ወገን የተሸነፈውን በግጥም ሲሰድብ ይውላል፣ የተሰደበም አይቆጣም። ስድቡ ግን ከገና ጋር አያልፍም፤ በግ ሲሸለትም ገበያ ሲወጣም ይነሣል። አባቴ የላይ ሰፈር የጨዋታ አባት ስለነበር የእያንዳንዱ ሽንፈት ግጥም የሚጀምረው በእሱ ስም ነው።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ላይ ሰፈር ማሸነፍ ምን እንደሚመስል ረስቶ ነበር። የአባቴም ጉልበት ቁልቁለት ላይ ሊከዳው ጀምሮ ነበር። እናቴን «የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው፤ አንድ ጊዜ አሸንፌ ዱላዬን እሰቅላለሁ» ሲላት ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ሰው ማምጣት ግድ ሆነ፤ ክርክሩም አውድማ ላይ፣ ገብሱ ተከምሮ በሬዎቹ በሚያርፉበት ሰዓት፣ በየቀኑ ይቀጥል ነበር። ከሠራዊቱ የተመለሰው የአጎቴ ልጅ ኃይለኛ ነው፣ ግን ጥንጓን ትቶ ሰው ይመታል። ደብረ ብርሃን የሚማረው ዲያቆን ፈጣን ነው፣ ግን ለጫማው ይሳሳል። አባቴ የፈለገው ሌላ ሰው ነበር። ደምሴ የሚባል የባና፣ ማለትም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሸማኔ ከጊሼ አገር ከራቤል መጥቶ ገበያው ዳር፣ ከላይም ከታችም ባልሆነ ቦታ፣ ቤት ተከራይቷል። አባቴ አንድ ጊዜ ዘመድ ሊጠይቅ ራቤል በሄደበት የገና ሰሞን ሲጫወት አይቶታል።

«ሸማኔ?» አሉ አያ ዘውዴ። አያ ዘውዴ የበዓለ ወልድ ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ነበሩ፤ በዕድሜም በነገርም ማንም አይቀድማቸውም። «ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ምን ሊሮጥ?»

«እርስዎስ ማኅበር ላይ ተቀምጠው ውለው ወጡ ሲቀርብ ማን ቀደመዎት?» አለ አባቴ።

«እሱስ እውነት ነው። ግን ግራኝ ነው አሉ።»

«ለዚያ እኮ ነው የፈለግሁት። ታች ሰፈሮች የሚጠብቁን ከቀኝ ነው።»

«እሺ፣ የጊሼን ሰው ተውሰን አሸነፍን እንበል። ማን አሸነፈ ይባላል? ጊሼ ነዋ!»

ነገሩ እውነት ነበር። መላውን ያመጣው አባቴ ነው፦ ማኅበር እናስገባው፤ ጽዋችንን የጠጣ ሰው የእኛ ነው፣ ታች ሰፈሮችም አፍ አይኖራቸውም። አያ ዘውዴ ጢማቸውን አሽተው አሽተው እሺ አሉ። ደምሴም ሲጠየቅ እሺ አለ። ያ ሰው ባና ከሚገዛው በቀር በሩን የሚያንኳኳ አልነበረውም።

ማኅበሩ በየወሩ በሃያ ዘጠኝ በአንዱ አባል ቤት ይጠጣል፤ የደገሰው ሰው ሲጨርስ ጽዋውን ለቀጣዩ ባለተራ ያስረክባል። የኅዳሩ ማኅበር እኛ ቤት ነበር። ጾም ስለሆነ የቀረበው ሽሮና ንፍሮ ነው፤ ጠላው ግን የእናቴ ስለነበር ማንም ቅር አላለውም። ጽዋ ማስረከቢያው ሲደርስ አያ ዘውዴ ተነሡ። ቀጣዩ ተራ የእሳቸው ነበር።

«አዲስ ገቢ ቀጣዩን ጽዋ ይረከባል» አሉ። «ሥርዓታችን ነው፣ እኔ ወደ ጥር እሸሻለሁ።»

ደምሴ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ። «እንግዲህ ቤቴ ሰው ሊገባ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ ግራኙ የእኛ ሆነ።

እንግዶቹ ሄደው እናቴ ቤት ስትጠርግ መጥረጊያውን ይዛ ቀና አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ምን ቀን ነው?»

«በዓለ ወልድ» አለ አባቴ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

ያ ቀን የገና ዕለት ነበር። ደጋሽ ቄሱ ጸበሉን ባርከው ከተቀመጡበት ጀምሮ የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ ከቤቱ አይርቅም፤ ቄሱ ደግሞ የሚመጡት ጨዋታው በሚጀመርበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የታኅሣሥ ጽዋ ዘወትር ለማይጫወት ሰው ይሰጥ ነበር፤ አያ ዘውዴም የተመደቡት ለዚሁ ነበር። ተጫዋች ፍለጋ ያን ያህል ስንከራከር ከርመን ይህን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ደምሴ በአገሩ ማኅበር የሚጠጣው ማታ ስለነበር ሁለቱንም የሚያደርሰው መስሎታል።

ክርክሩ እንደገና ተጀመረ። አያ ዘውዴ «ጽዋ የተረከበን ሰው መልስ አይባልም፤ እሱ ራሱ ውሰዱልኝ ካለ ግን እወስዳለሁ» አሉ። እንግዲህ ይህን ቃል ከደምሴ አፍ ማውጣት የአባቴ ፈንታ ሆነ። ቅዳሜ እኔን አስከትሎ ሄደ። ደምሴ ግድግዳውን አዲስ ጭቃ መርጎታል፤ የተዋሳቸው ጋኖች ጥግ ይዘው ተደርድረዋል፤ ሽመናው ላይ ያለው የሰው ትእዛዝ ሳይሆን ለመደቡ የሚነጠፍ ረጅም ባና ነው።

«ጋሽ ተፈራ፣ እንኳን መጡልኝ» አለ። «መደቡ ለሁላችሁም ይበቃ ይሆን? አሳስቦኛል።»

አባቴ መደቡ ላይ ተቀመጠ። በስንዝሩ እየለካ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። «ይበቃል» አለ። «ቄሱ ግን በቀን ነው የሚመጡት፤ ከቤትህ እንዳትርቅ።» ደምሴ እጁ ላይ ያለውን ክር ቋጠረና «እሺ፣ ከቤቴ አልርቅም» አለ። ተሰናብተን ወጣን፤ አባቴ ስለ ጨዋታ አንድ ቃል አላነሣም።

የገና ዕለት እኔና እናቴ ደምሴ ቤት ነበርን። መስኩ ከደጁ ይታያል። ደምሴ ቄሱንና ሽማግሌዎቹን እያስተናገደ በመሐል በር ላይ ይቆማል፤ ጥንጓ በግራ በኩል በወጣች ቁጥር ማንቆርቆሪያ የያዘው እጁ ትንሽ ይነቃነቅ ነበር። አባቴ እያነከሰ እስከ መጨረሻው ሮጠ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የታች ሰፈር ዘፈን ተሰማ፦

ተፈራ ብልሃቱ ሸማኔ አስገብቶ፣
ጥንጓን ለእኛ ሰጠን ጽዋውን አንሥቶ።

ተሸናፊዎቹ አቧራ ለብሰው፣ ዱላቸውን ደጅ አስደግፈው ገቡ። ደምሴ ለአባቴ ጠላ ቀዳለት።

«ተሸነፍን፣ ጋሽ ተፈራ?»

«ተሸነፍን።»

አያ ዘውዴ ከሥጋው ቀና አሉ። «እንግዲህ የእኛ ሰው ነው» አሉ። «አብሮን ተሸንፏል።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ አባቴም ሳቀ። ያን ዕለት የተዘረጋው ባና ላይ አንድም ሰው ቦታ አላጣም። ማታ ቤት ስንገባ አባቴ ዱላውን ምሰሶው ላይ ሰቀለ፣ ዳግመኛም አላወረደውም። በዓመቱ ደምሴ በግራ እጁ ተጫውቶ ላይ ሰፈር አሸነፈ፤ አባቴ ከአያ ዘውዴ ጎን ተቀምጦ ጨዋታውን አየ፣ ግጥሙም በደምሴ ስም ተጀመረ።

አባቴም አያ ዘውዴም ዛሬ የሉም። አምና ኅዳር ቀየት ስሄድ መስኩ በቆርቆሮ ታጥሯል። ገና ከተጫወቱ ስንት ዓመት እንደሆነ የጠየቅኋቸው ሁሉ የተለያየ ነገር ነገሩኝ። ማኅበሩ ግን አለ፤ አሁን ሙሴው ጋሽ ደምሴ ናቸው፣ ጠጉራቸው ከሚሸምኑት ባና ነጥቷል። ጽዋ ማስረከቢያው ሲደርስ «የታኅሣሡን ማን ይወስዳል?» ብለው ጠየቁ። ትከሻው የሰፋ፣ እግሩ የጠነከረ፣ አዲስ ያገባ ጎረምሳ «እኔ» አለ። ጋሽ ደምሴ ጥቂት አዩት፤ የሚከራከር ሰው የሚጠብቁ መሰለኝ። ማንም አልተከራከረም። ጽዋውን ሰጡት።