የጋሽ ጳውሎስ የአስተያየት ደብተር

ባለፈው ወር ስለ ቆሼ፣ ስለ ከተማው የቆሻሻ ክምር፣ የተሠራ አንድ ዘጋቢ ፊልም ለማየት እዚሁ ኮልፌ ወደሚገኝ አዳራሽ ሄጄ ነበር። ፊልሙ ገና አልተጀመረም። ፕሮጀክተሩን የሚያስተካክለው ወጣት ጥጥ አልኮል ውስጥ እየነከረ መስታወቱን ሲወለውል ሽታው እስከ እኔ ወንበር ደረሰ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋን ያዝ አደረገች። እኔ ግን ደህና አድርጌ ሳብኩት። ያ ሽታ ለእኔ የሐኪም ቤት ሽታ ሆኖ አያውቅም፤ የጋሽ ጳውሎስ ሱቅ ሽታ ነው።

ጋሽ ጳውሎስ 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የቪዲዮ ካሴት ያከራዩ ነበር። በወጣትነታቸው ከከፋ መጥተው ኮልፌ ላይ ያረጁ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ በጠራራ ፀሐይም ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ሱቃቸው ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ የሚቆምባት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ባንኮኒው ላይ ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ የካሴት ማጫወቻ ዴክ፣ ከዴኩ አጠገብ የአልኮል ብልቃጥና ጥጥ ይቀመጣል። ካሴት ሲመለስ አጫውተው ይሞክሩና ወዲያው የዴኩን ሆድ ከፍተው በጥጥ ይጠርጋሉ። «የቤታችሁን አቧራ የምጠርገው እኔ ነኝ» ይሉን ነበር።

ግድግዳው ሙሉ በሙሉ የህንድና የካራቴ ፊልም ነው። ከጀርባቸው ባለችው አንዲት መደርደሪያ ላይ ግን በእጃቸው «እውነት» ብለው ጽፈው ነበር። የአንበሳ፣ የባሕር፣ የመርከብ ፋብሪካ ፊልሞች፣ እዚሁ አገር በትንሽ አቅም ከእውነተኛ ታሪክ የተሠሩ ፊልሞችም እዚያ ይደረደራሉ። ከዚያች መደርደሪያ የወሰደ ሰው ሲመልስ አስተያየቱን የመጻፍ ግዴታ አለበት። ለዚህ ብለው ያስቀመጡት ሽፋኑ የወላለቀ ትልቅ ደብተር ነበር፤ እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሮበታል። «ቆንጆ ነው» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ምን አየህ? ምኑን ተጠራጠርክ? ምን ቀረ? ሦስቱን ሳይመልሱ መውጣት የለም።

ሰፈርተኛው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ኋላ ግን ሱስ ሆነበት። የመርከቡን ፊልም ያየ አንድ በያጅ «ይሄ ብየዳ አንድ ክረምት አያልፍም» ብሎ ጻፈ። ሥጋ ቤት የሚሠራው ጎረቤታችን «አንበሳው ሽንጡን ትቶ ከሆድ መጀመሩ ስህተት ነው» አለ። እናቴ ደግሞ «ፊልም አንሺው ካሜራውን አስቀምጦ ሚዳቋዋን ቢያስጥላት ምን ነበረበት?» ብላ አስጻፈችኝ። ጋሽ ጳውሎስ ጥሩ ታዛቢ ሲያገኙ መነጽራቸውን አስተካክለው ለገባው ሁሉ ጮክ ብለው ያነቡለታል። በእሳቸው አፍ መነበብ ማዕረግ ነበር። ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያንን ማዕረግ እንደ ጉድ ተመኘሁት።

አንድ ቀን ስለ ቆሼ የተሠራ ካሴት መጣ። ማን እንዳነሳው አላውቅም። ጎረቤት ቤት ተሰብስበን አየነው። ክምሩ ላይ ፕላስቲክ ከሚለቅሙት መሃል ካሜራው አንዲት ሴት ፊት ላይ ቆመና ተራኪው በሚያሳዝን ድምፅ «ይህች ሴት በዚህ ዓለም ላይ ማንም የላትም» አለ። ሴትዮዋን አወቅኋቸው። አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጠው የትዕግሥት እናት፣ እትዬ ዘነበች ናቸው። ትዕግሥት «እናቴ ፋብሪካ ነው የምትሠራው» ትለን ነበር። ለእኔ ግን በዚያ ሰዓት የታየኝ የተራኪው ውሸት ብቻ ነው። ሮጬ ሄጄ ጻፍኩ፦ «ውሸት ነው። እትዬ ዘነበች ልጅ አላቸው። ትዕግሥት ትባላለች፤ ከእኔ ጋር ስድስተኛ ክፍል ነው የምትማረው።»

ጋሽ ጳውሎስ ጮክ ብለው አነበቡት። «አያችሁ? ተመልካች ማለት እንዲህ ነው!» አሉ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ክፍላችን ገባ። ልጆቹ ትዕግሥትን «ቆሼ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። ሁለት ቀን ችላ መጣች፤ በሦስተኛው ቀረች። በማግስቱም አልመጣችም፣ በሳልስቱም። ቦርሳዋን የምታስቀምጥበትን ባዶ ቦታ ማየት አቃተኝ። ትምህርቷን በእኔ ምክንያት ልትተው መሆኑ ገብቶኛል። እያለቀስኩ ሄጄ ለጋሽ ጳውሎስ ነገርኳቸው። የያዙትን ጥጥ አስቀመጡ።

«አንቺ ጻፍሽው፣ እኔ ደግሞ እንደ አዋጅ ለፈፍኩት» አሉ። «ነይ፣ እንሂድ።»

በቀን ሱቃቸውን ሲዘጉ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። እትዬ ዘነበች ደጃቸው ላይ ልብስ ያጥቡ ነበር። ትዕግሥት ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ እግሯን አየሁት፣ አልወጣችም። ጋሽ ጳውሎስ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እትዬ ዘነበች እጃቸውን ከአረፋው አወጡና አዩን።

«ለመሆኑ እዚያ ፊልም ላይ ምን ተብያለሁ?»

ሰፈሩ ሁሉ አይቷቸዋል፤ እሳቸው ግን ፊልሙን አላዩትም። ላሳያቸው ብሎ ያሰበም አልነበረም። እኛንም ጨምሮ።

በማግስቱ ከሰዓት እትዬ ዘነበች በጋሽ ጳውሎስ ግብዣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሱቁ መጡ። ጋሽ ጳውሎስ ዴኩን ሁለት ጊዜ ጠርገው ያለቻቸውን አንዲት ወንበር ለቀቁላቸው። ደንበኞች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እትዬ ዘነበች እስከ መጨረሻው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ መጻፍ አልችልም። አንቺው ጻፊልኝ፣ መቼም ትችይበታለሽ።»

እስክሪብቶውን አንስቼ ያሉኝን ጻፍኩ። «ምን እንደምለቅም ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ለማን እንደምለቅም አልጠየቁኝም። ልጄ ስድስተኛ ክፍል የደረሰችው በዚህ እጄ ነው። እኔ አላፍርም። ማንም የላትም ያለው ሰውዬ ቤቴ ይምጣና ልጄን ይያት።»

ጋሽ ጳውሎስ ያንን ገጽ ጮክ ብለው አላነበቡትም። ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገልጠው ከሦስቱ ጥያቄዎች በላይ አራተኛ ጨመሩ፦ «ፊልሙ ላይ ያለው ሰው ራሱ አይቶታል ወይ?»

ትዕግሥት ሰኞ ተመለሰች። ልጆቹ ወዲያው አልተዉአትም፤ እሷ ግን ቀና ብላ «አዎ፣ እናቴ ናት» ማለት ጀመረች። እኔን ይቅር ማለቷን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። አጠገቤ ተቀምጣ ስምንተኛ ክፍልን ጨረሰች፣ ቤቷ ግን ጠርታኝ አታውቅም። አሁንም ይቆጨኛል።

ዲስክ ሲመጣ ሱቁ ተንገዳገደ፣ ሁሉም ሰው በስልኩ ማየት ሲጀምር ተዘጋ። ጋሽ ጳውሎስም ካረፉ ቆዩ። ደብተሩ የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ባለፈው ወር አዳራሹ ውስጥ ፊልሙ ሲያልቅ ተመልካቹ «በጣም አስተማሪ ነው»፣ «ልብ ይነካል» እያለ ማይኩን ተቀባበለ። ፊልሙ የአንዲት ለቃሚ እናትን ውሎ የሚከተል፣ በእውነትም ተለፍቶበት የተሠራ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ ተነሳሁ።

«እናትየዋ አይተውታል?» አልኩ።

አዘጋጇ ወጣት ናት። ማይኩን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «እውነት ለመናገር አላሰብንበትም። ቤታቸውም ቴሌቪዥን የለም።»

«እኔ ቤት አለ» አልኳት።

የፊታችን እሁድ ከሰዓት ይዛቸው ትመጣለች። ቴሌቪዥኑን ወልውዬ ፊት ለፊቱ ወንበር አስቀምጫለሁ። ከማዞሪያው ትልቅ ደብተር ገዝቼ እስክሪብቶውን በሲባጎ አስሬበታለሁ።