የካደችው ወተት

ሥርጉት የበኩር ልጇን ብሩን የወለደችው በ1930 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ በላይ በተከራዩዋት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ባሏ ፈንታሁን አጠገቧ አልነበረም። ጣሊያኖች ወደ አሰብ በሚያወጡት መንገድ ላይ፣ ኮምቦልቻ፣ ድንጋይ ይፈልጥ ስለነበር ልጅ መወለዱን የሰማው በሳምንቱ ነው። ያረሷት አማቷ ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው። ከኩታበር ቅቤ፣ የአጃ ዱቄትና አብሽ በአህያ አስጭነው መጥተው አሥራ አምስት ቀን አብረዋት ተቀመጡ።

አትጠገብ ደግ ሴት ነበሩ፤ ግን አፋቸው አያርፍም። አጥሚቱን እያማሰሉ ስለ ሌላዋ ምራታቸው ያወሩላት ነበር። የታላቅ ልጃቸው ሚስት ጡቷ እንደ ላም ነጥፎ ልጇ በሦስተኛው ወሩ ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ በመንደሩ የሚጠራት በስሟ አይደለም፣ «ነጣፊቱ» ነው የሚሏት። አትጠገብ ይህን ያወሩት ለክፋት አልነበረም፤ ጊዜ ለመግፋት ነው። ቃሉ ግን ሥርጉት ሆድ ውስጥ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ወተቱ መምጣት ሲገባው ጡቷ አልሞላም። በአምስተኛውም በስምንተኛውም እንደዚያው ነበር። አጥሚቱን ጠጣች፣ ተልባውን ጠጣች፣ የአብሹን ውሃ ጠዋትና ማታ ተጋተች። ሕፃኑ ትንሽ ይስብና ይለቀዋል፤ ከዚያ ይጮኻል። አማቷ መጣልሽ ወይ ብለው ሲጠይቋት ቀና ሳትል መጥቷል አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁን የምታጠባው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ነጠላ ተከናንባ ሆነ። አትጠገብ ይህን አይተው ምራቴ ዓይነ አፋር ናት እያሉ ወደዱላት።

እሳቸው ወደ ኩታበር ሲመለሱ ሥርጉት ብቻዋን ቀረች። ለልጁ ቅቤ አዋጠችው፣ የአብሽ ውሃ ሰጠችው፣ ከጎረቤት የፍየል ወተት እየለመነች በውሃ አቅጥና በጣቷ አንጠባጠበችለት። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የክርስትና አባቱ ተቀብለው አቀፉትና፣ ይህ ልጅ ከጨርቁ ይቀልላል ብለው ቀለዱ። ሰው ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች።

በታኅሣሥ ፈንታሁን መጥቶ ሁለቱንም ወደ ኮምቦልቻ ወሰዳቸው። ቤታቸው ከቦርከና ወንዝ ብዙ የማትርቅ የሣር ጎጆ ነበረች። በእሾህ አጥር የምትዋሰናቸው ጎረቤት ዘሀራ ትባላለች፤ ከባቲ ጨው እያመላለሰ የሚሸጠው የሙሄዲን ሚስት ናት። ዘይቱና የምትባል የአራት ወር ሴት ልጅ ነበረቻት። ዘሀራ ረጅም፣ ቁጥብ፣ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ የምታደርግ ሴት ነበረች። በመጡ ማግሥት የበቆሎ ቂጣ ይዛ መጥታ እንኳን ደህና መጣችሁ አለች።

ፈንታሁን የልጁን መክሳት አይቶ ከጣሊያኖች ሱቅ የቆርቆሮ ወተት ገዛ። ሥርጉት በወንዝ ውሃ በጠበጠችውና ሕፃኑ ተቅማጥ ያዘው። በአራት ቀን ውስጥ ዓይኑ ጎደጎደ፤ ልቅሶው እንኳ ቀጠነ።

በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ልጁን አስተኝታ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ስትመለስ መደቡ ባዶ ነበር። እንስራዋን ጥላ ሮጣ ስትወጣ ዘሀራን በአጥሩ በኩል አየቻት። ዘሀራ ከቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ፣ ብሩን ደረቷ ላይ አድርጋ ታጠባለች። ልጁ በሁለት እጁ ጡቷን ይዟል፤ ሲውጥ ድምፁ ይሰማል። ሥርጉት ልጇ ሲውጥ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ዘሀራ ቀና ብላ፣ ሲያለቅስ ሰምታ እንደገባች፣ ሳታስፈቅድ በማንሣቷ እንዳትቀየማት ነገረቻት። ሥርጉት ማመስገን ነበረባት። የተሰማት ግን ምስጋና አልነበረም፤ ልብሷን ገበያ መሐል የገፈፏት ያህል አፈረች። ልጇን ለመቀበል እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«የኔ አይበቃውም» አለች በመጨረሻ። «ለማንም አልተናገርሁም።»

«ለኔም አትናገሪ» አለች ዘሀራ። «ለሁለት የሚበቃ አላህ ሰጥቶኛል። ስታመጪው አጠባዋለሁ።»

እንዲህ ተጀመረ። ጠዋት ፈንታሁን ሥራ ሲወጣ፣ ቀትር ላይ፣ ማታም እሱ ከመግባቱ በፊት ዘሀራ በአጥሩ ክፍተት ትገባለች፤ ዘይቱናን በአንድ ጎኗ ብሩን በሌላው ታደርጋለች። ሥርጉት አብራት ተቀምጣ ትፈትላለች። ስለ ሀገራቸው፣ ስለ እናቶቻቸው ያወራሉ። በጥር ልጁ ፈገግ አለ፤ በየካቲት አንገቱ ጠና፤ በመጋቢት እግሩ ሰባ። ሥርጉት እንዲህ ያለ ወዳጅ ኖሯት አያውቅም። ሆኖም የሰው ኮቴ በሰማች ቁጥር ልጁን ከዘሀራ እጅ ነጥቃ ራሷ ትታቀፈው ነበር። ዘሀራም ነገሩን ለምዳ፣ ኮቴ ሲሰማ ራሷ ታቀብላት ጀመር።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ አትጠገብ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከኩታበር መጡ። ብሩ ስድስት ወር ሞልቶት ነበር። ወፍራም ክንዱን እየጨበጡ፣ ጭኑን እየሳሙ ፈጣሪን አመሰገኑ። የሠፈሩን ሴቶች ጠርተው ዳቦ ቆረሱ። ዘሀራም ዘይቱናን አዝላ መጥታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። አትጠገብ በዚያ ሁሉ ሴት መሐል ምራታቸውን አወደሱ፤ የሥርጉት ጡት ምንጭ ነው፣ እኔ አሥራ አምስት ቀን አጥሚት ባጠጣኋት ነው ልጄ እንዲህ የፋፋው አሉ። ሴቶቹ ይባረክ፣ ይባረክ አሉ። ሥርጉት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ዘሀራ ዳቦዋን ቆርሳ ዘይቱናን አቀመሰቻት።

ነገሩ በዚያ ቢያልፍ ደግ ነበር። ብሩ ግን ራበው። ከአያቱ ጭን ላይ ዘሀራን አያት፤ እጁን ዘርግቶ ወደሷ ተንጠራራ። አትጠገብ ወደ እናቱ ሊያዞሩት ቢሞክሩ ጮኸ። ዘሀራ ሳታስበው እጇን ዘረጋች። ልጁ ደረቷ ላይ እንደደረሰ ቀሚሷን ይጎትት፣ አፉን ይከፍት ጀመር።

«ምንድን ነው ይህ?» አሉ አትጠገብ።

ሥርጉት መናገር ትችል ነበር። በኋላ ዘመኗን ሁሉ ያቺን ቅጽበት እያሰበች፣ አንድ ቃል ብቻ ይበቃ እንደነበር ታውቃለች። ያን ጊዜ የታያት ግን የኩታበሯ ምራትና ስሟ ነበር።

«እኔ ውሃ ስወርድ አጥብታው ይሆናል» አለች። «እኔ አላዘዝኋትም።»

ዘሀራ ወደሷ ተመለከተች። ረጅም አልነበረም፤ ግን ተመለከተች። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«አዎ እማማ፣ አጥብቼዋለሁ። ሲያለቅስ አላስቻለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አትጠገብ አልጮሁም። ሃይማኖታችን ለየብቻ ነው፣ እናቱ ሳታውቅ መሆኑም ደግ አይደለም፣ ከእንግዲህ አታጥቢው አሏት። ዘሀራ እሺ አለች። ልጁን አያቱ ጭን ላይ አስቀምጣ፣ የራሷን ልጅ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ወጣች። ሙሄዲን በማግሥቱ የአጥሩን ክፍተት በእሾህ ደፈነው።

ሦስት ቀን አለፈ። ብሩ የእናቱን ጡት ሲሰጡት ይጠባና ባዶ ሲሆንበት ይነክሳል። ገንፎ ቢያቀምሱት ይተፋል፤ የላም ወተት ቢሰጡት ያስመልሰዋል። ወደ አጥሩ እያየ ያለቅሳል። አትጠገብ የሰው ዓይን ነው ብለው ጠበል አመጡለት፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጥርስ ሊያበቅል ነው አሉ። ሥርጉት እሳቸው ከጎኗ ተቀምጠው ይህን ሲሉ ትሰማለች፤ ልትናገር ትልና መልሳ ትውጠዋለች።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ልጁ ማልቀሱን ተወ። ዝም ብሎ ተኛ። ያን ዝምታ ሥርጉት ታውቀዋለች፤ የታኅሣሥ ዝምታ ነው። ከአማቷ ፊት ቆማ የቀሚሷን ደረት ፈታች።

«ይኸው እማማ፣ ይዩት። ምንም የለም። ከመጀመሪያውም አልነበረም። ያሳደገችው ዘሀራ ናት፤ ያስጠባሁትም እኔ ነኝ።»

አትጠገብ ጡቷን አዩ፤ ፊቷንም አዩ። በመጨረሻ የተናገሩት ሥርጉት ከጠበቀችው ስድብ ሁሉ የባሰ ሆነባት።

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያቺን ልጅ እኔ አዋረድኋት?»

«እኔ ነኝ ያዋረድኋት።»

አሮጊቷ ተነሡ። ልጁን አቅፈው፣ የአጥሩ ክፍተት ተደፍኗልና በመንገዱ ዞረው በዘሀራ በር ቆሙ። ሥርጉት ከኋላቸው ተከተለች። ዘሀራ ወጣች። የቀሚሷ ደረት በወተት ርሷል፤ ሦስት ቀን ሙሉ የልጁን ልቅሶ በሰማች ቁጥር ይፈስሳት ነበርና አንዳንዴ በእጇ አልባ አፈር ላይ ታፈስሰው ነበር። አትጠገብ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው፣ እጅ ነሡ።

«ልጄ፣ በማላውቀው ተናገርሁሽ። ማሪኝ። ልጅሽን እንቺ።»

ዘሀራ ቢስሚላህ ብላ ተቀበለችው። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አጠባችው። መጀመሪያ አልሳበም፤ ወተቱን ከንፈሩ ላይ አንጠባጠበችለት፤ ቀጥሎ ሳበ። ሥርጉት አጠገቧ ተንበርክካ ማሪኝ ልትል አፏን ከፈተች። ዘሀራ ከልጁ ላይ ዓይኗን አላነሣችም።

«ብታፍሪ አልፈርድብሽም ነበር» አለቻት። «ሌባ ግን አደረግሽኝ።»

ሥርጉት ልጁ ጠግቦ እስኪለቅ ድረስ እንደተንበረከከች ቆየች።

ማታ ፈንታሁን ሦስት ቀን ካደረበት የመንገድ ሥራ ሲመለስ ሁሉንም ብትነግረው አልደነገጠም። በየካቲት አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ ሲመለስ በአጥሩ አይቶ፣ እንዳያሳፍራት ብሎ ዞሮ መሄዱን ነገራት። እንዲህ አንዱ ከሌላው በመደበቃቸው ማን ማንን እንዳሳፈረ ለሁለቱም አልገባቸውም። አትጠገብ ወደ ኩታበር ሲመለሱ የታላቅ ልጃቸውን ሚስት በስሟ መጥራት መጀመራቸውን ሥርጉት ቆይታ ሰማች። እሷ ራሷ ደሴ ወጥታ ለነፍስ አባቷ ለመምሬ ገብረ ማርያም ተናዘዘች። መምሬ ስለ ወተቱ አንዳች አልተናገሩም። ስለ ሐሰቱ ግን ጠየቋት፤ ስግደት አዘዙባት፤ ያዋረደቻትንም ሴት ሰው ባለበት ይቅርታ እንድትጠይቅ ነገሯት።

ስግደቱን ፈጸመች። ሌላው ከበዳት። ዘሀራ ልጁን ማጥባቷን ቀጥላ ነበር፤ አሁን ግን ወደ ሥርጉት ቤት አትመጣም። ሥርጉት በቀን ሦስት ጊዜ በመንገዱ ዞራ ትወስደዋለች፤ ዘሀራ ተቀመጪ እስክትላት በር ላይ ትቆማለች። ትላታለች፤ መቼም ሳትላት አልቀረችም። ግን ስለ እናቷ አታወራላትም፤ ስትስቅም የምትስቀው ለልጆቹ ነው። ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

መስከረም ሲጠባ ሙሄዲን ቤቱን ወደ ባቲ ሊያዛውር ቆረጠ። ብሩ ገንፎ ይበላል፣ እንጀራ በወጥ ያላምጣል፣ መደቡን ይዞ ይቆማል። የሚሄዱ ዕለት ግመሎቹ ሲጫኑ የሠፈሩ ሴቶች ሊሰናበቱ ተሰበሰቡ። ከፋሲካ በኋላ ዳቦ የበሉት እነዚያው ሴቶች ነበሩ። ሥርጉት በመሐላቸው ገብታ ቆመች። ሁሉም እንዲሰሙ ድምፏን ከፍ አደረገች። ይህን ልጅ ያጠባችው ዘሀራ እንደሆነች፣ ያጠባችውም በእናቱ ፈቃድ እንደነበር፣ ያን ቀን የዋሸችው ራሷ ሥርጉት እንደሆነች ተናገረች። አንዷ ሴት ሳል አላት። ሌላዋ ወደ መሬት አየች። ሥርጉት ፊቷ እስከ ጆሮዋ ነደደ።

ዘሀራ ሻሿን አስተካከለች። ብሩን ከእናቱ ተቀብላ ሁለቱን ጉንጮቹን ሳመችው።

«ዘይቱናና እሱ አንድ ጡት የጠቡ ናቸው» አለች። «ሲያድግ ንገሪው። እህት አለችህ በይው።»

«እነግረዋለሁ።»

ዘሀራ ልጁን መለሰችላት። እጇ ሥርጉት ክንድ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ይቅርታ ይሁን ስንብት ሥርጉት አላወቀችም። ግመሎቹ በባቲ መንገድ ወረዱ።

ሥርጉት ቃሏን ጠበቀች። ብሩ ነገር መስማት ሲጀምር ነገረችው፤ ሳታሳንስም ሳታስጌጥም፣ እኔ አላዘዝኋትም ያለችውን ጭምር። ልጁ ጥቂት አስቦ፣ እህቴ ምን ትመስላለች ብሎ ጠየቃት።