በሱሉልታ ማሳ ላይ የተነቀለው የድንበር ድንጋይ

መሬታችንን ወደ አዲስ አበባ ይጠቀልላል በተባለው የማስተር ፕላን ሁከት ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ፣ ሰበታ የሚያስተምረው ልጄ ሱሉልታ እኛ ዘንድ ከረመ። አንድ ጠዋት፣ "አባዬ፣ ተርሚናል የምንለው እኮ ከጥንት የላቲን ቃል የመጣ ነው። ተርሚኑስ ይሉታል፤ የማሳ ድንበር ድንጋይ ማለት ነበር" አለኝ። የሮም ገበሬዎች ለድንጋዩ እህልና ማር ያቀርቡለት፣ በማረሻ የነቀለውንም ከነበሬዎቹ ይረግሙት ነበር አለ። እኔ ከፊደል ያለፈ አልተማርኩም፤ ይሄ ግን ገባኝ።

የእኔን ድንጋይ ላየው ወጣሁ። ተነቅሎ ተጋድሟል። የፕላኑ ቀያሾች ለልካቸው ቀይ ቀብተውት ነበር፤ ፕላኑን የሚቃወሙት ወጣቶች ማታ ችካሉን ሁሉ ሲነቅሉ ይሄም የቀያሾቹ መስሏቸዋል።

ችካል በተነቀለበት ማሳ የመንግሥት ታጣቂዎች ከባለማሳው ቤት ወጣት ይዘው እንደሚሄዱ ከታች ሰፈር ሰምተናል። ከመንገዱ በኩል ተኩስ አለ። ልጄን ገለባ ክምሩ ውስጥ አስገባሁት።

ሳያዩት ብቻዬን መልሼ እንዳልተክለው፣ የድንበር ድንጋይ ለብቻ አይተከልም። የሁለቱም ባለማሳ እጅ ካልያዘው ስርቆት ነው። አጨዳው ባለቀ ባዶ ማሳ ላይ ጎንበስ ብዬ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ።

"ኦቦ፣ ድንጋያችን ተነቅሏል።"

"ሰው ነፍሱን ይዞ ይሸሻል፣ አንቱ ድንጋይ ይላሉ?" አለኝ። እያጉረመረመ ግን ጫማውን ያጠልቅ ነበር።

ጉድጓዱ ጋ ደርሰን አንስተን አቆምነው። ቀይ የተቀባው ፊቱ ወዴት ይዙር? ወደ መንገድ ከዞረ ወጣቶቹ የፕላኑ ደጋፊ ይሉናል፤ ከተደበቀ ታጣቂዎቹ ይጠይቁናል።

"ወደ መንገድ ይሁን" አለ ጎረቤቴ። "አሁን የሚመጣውን አሁን እንፍራ። የማታውን ማታ እንፈራዋለን።"

አፈሩን ረግጠን ሳንጨርስ ታጣቂዎቹ መጡ። አንደኛው ድንጋዩን በጫማው ገፋ አደረገው።

"አፈሩ አዲስ ነው። ማን ነው የቆፈረው?"

"እኛ ነን" አለ ጎረቤቴ፤ "ዘሞ ነበር፣ አቃናነው።"

"የማን ነው?"

"የሁለታችን።"

ሰውየው የሁለታችንንም አፈር የለበሰ እጅ አየ፤ ቀጥሎ ቤቴን አየ፤ ገለባ ክምሩንም አየ። መቼም ያንን ያህል ረጅም ጊዜ አላውቅም። ከዚያ ለጓደኞቹ በእጁ ምልክት ሰጠና ወደ ላይኛው ማሳ ሄዱ።

ልጄን የት እንደደበቅኩት ለጎረቤቴ አልነገርኩትም፤ ግን ገብቶት ኖሯል። ጎረቤቴ ነው ክምሩን በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ "ኮቱ፣ ና ውጣ፤ ሄደዋል" ያለው።