ግድግዳው ሥር የተነሳሁት ፎቶ

ሱሉልታ ውስጥ ገና ያልተከፈተ አዲስ ሙዚየም ውስጥ በጽዳት እሠራለሁ። በቀደም ሕንፃውን በጥቁርና ነጭ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ መጣ። መስኮት የሌለው ወጥ ኮንክሪት ምኑ እንደሚነሳ አልገባኝም።

“እህት፣ ትልቅነቱ እንዲታይ ግድግዳው ሥር ቁሚልኝ” አለኝ።

“እኔ ፎቶ አልወድም፣ ጋሼ።”

“የማነሳው ሕንፃውን ነው። አንቺ መለኪያ ነሽ።”

መለኪያ ከሆንኩማ ብዬ መጥረጊያዬን አስቀመጥኩና አንገቴን ደፍቼ ቆምኩለት። ፎቶውን በቴሌግራም ሲልክልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ መልኬን ወደድኩት። ለሰው ማሳየት ግን አፈርኩ። ሦስት ቀን አስቤበት፣ ተፍኪ ለምትኖረው አክስቴ ብቻ ምንም ሳልጽፍ ላክሁላት። ወዲያው መብራት ጠፋና ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ “ኢንተላ ኮ! ልጄን!” እያለች፣ እያለቀሰች ግቢያችን ደረሰች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

“አክስቴ፣ ማን ሞተ?” አልኳት ደንግጬ።

ለቅሶዋን አቁማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ፊቴን ዳበሰችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሙዚየሙን እያሳየችኝ፣ “ታዲያ ይሄ ሐውልት የማን ነው?” አለችኝ።