አባቴ የማይቀምሰው ፍሪታታ

ከወላጆቼ ቤት ለራሴ የወሰድኩት ነገር ቢኖር አንድ የአሉሚኒየም ክዳን ነው። ድስቱ ከጠፋ ቆይቷል። የክዳኑ መያዣ የወለቀ ጊዜ አባቴ ክሩ ያለቀ የእንጨት ማጠንጠኛ በሚስማር መትቶበት ነበር፤ ዛሬም ሲግል እንጨቱ የዘይትና የከሰል ጠረን ይሰጣል። ያ ጠረን ሲሸተኝ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሸማ ተራ ከአባቴ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጫለሁ።

አባቴ የሀበሻ ቀሚስ ሰፊ ነበር። ማድ ቤትን በሩቁ ነው የሚያውቀው፤ የሚጠጣ ውሃ እንኳ እናቴ ካልሰጠችው አይጠጣም። በዚያ ዓመት እናቴ አረገዘች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት ስለነበር ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ጠፋ። እሷን ደግሞ ምግብ የሚባል ነገር አስጠላት። ከጎረቤት የቁሌት ሽታ ሲመጣ ታስመልሳለች። ሐኪሙ ደሟ ማነሱን ነግሮ፣ ካልበላች ለጽንሱ እንደሚያሰጋ አስጠነቀቀ።

አባቴን የታደገው ሽርጥ ሊያሰፋ የመጣ አንድ ሸምገል ያለ የሆቴል ምግብ አብሳይ ነው። ጭንቀቱን ሲሰማ “ፍሪታታ ሥራላት” አለው። አባቴ ምን እንደሆነ ቢጠይቀው፣ ሰውየው መሬት ላይ የወዳደቁትን ቁርጥራጭ ጨርቆች እያሳየ፣ “ያለህን ሁሉ በእንቁላል መስፋት ነው” አለው።

እንዲህ ሲሉት ገባው። በማግስቱ ለካውያው ካቀጣጠለው ከሰል ላይ መጥበሻ ጣደ። የመጀመሪያው አረረ። ሁለተኛው ሲገለበጥ ግማሹ መሬት ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን መጥበሻው ላይ ገጥሞ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ጨብጦ፣ ትንፋሹን ይዞ መገልበጥ ለመደ። ለቁርስ ድንች በቃሪያ፣ ለምሳ ጎመን፣ ለእራት የተረፈ መኮሮኒ ይገባበታል፤ በሳህን ሸፍኖ ቤት ድረስ ይልክላታል። የትኛው እናቴ ሆድ ውስጥ እንደሚረጋ ለማወቅ በልብስ ጠመኔው ከሱቁ በር ጀርባ ይጽፍ ነበር፤ “ድንች፦ ረጋ። ቲማቲም፦ ወጣ።” ጎረቤቶቹ ልብስ ሰፊዎች የዛሬው ገበሩ ምንድን ነው እያሉ ቢያሾፉበትም ቅር አይለውም። ከመጥበሻው ጠርዝ የቀረችውን ቅሪት ለራሱ ይወስዳል፤ እንደ እሱ እንቁላል የሚወድ ሰው አላየሁም።

የእናቴ ጉንጭ ሞላ ማለት ሲጀምር ሁዳዴ ገባ። ለካ ይህኛው ልጅ ከጸናላት ጾሙን አንድ ቀን ሳታጎድል ልትጾም ለማርያም ተስላ ኖሯል። አባቴ የንስሐ አባታችንን እንድትጠይቅ ቢለምናት ስለት ድርድር የለውም ብላ ዘጋችው። እሱም እንቁላሉን ትቶ የሽምብራ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ጠበሰላት። ሲገለብጠው ተፈረካከሰ። እሷም ቀመሰችና ወዲያው አስመለሰች። ያን ቀን አባቴ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ ሳየው በጣም ፈራሁ።

በሳምንቱ የሽምብራው ፍሪታታ ድንገት ሰመረ። ቢጫ፣ ነፋ ያለ፣ ሲቆረጥ የማይፈርስ ሆነ። እናቴ በላች፣ ሆዷም ውስጥ ረጋ። እኔ በበኩሌ ማርያም ረድታን ነው ብዬ ነበር፤ ለአሻንጉሊቴ ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ ከመኪናው ስር ያለውን ካርቶን ስበረብር፣ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለሉ ሁለት እንቁላሎች እስካገኝ ድረስ። ከሶማሌ ተራው ሙስሊም ወዳጁ ሱቅ በኪሱ ደብቆ ነበር የሚያመጣቸው። አባቴ አየኝ። አልተቆጣኝም።

“ኃጢአቱ የኔ ነው” አለኝ ቀስ ብሎ። “አንቺ ግን ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።”

ቃል ገባሁ። እስከ ፋሲካ ድረስ፣ ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር የእንቁላል ቅርፊት ከሰል ውስጥ ሲንጣጣ እሰማ ነበር።

ወንድሜ ሰኔ ላይ፣ ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ በላይ እየጮኸ ተወለደ። አባቴ ከዚያ በኋላም ፍሪታታ መሥራቱን አልተወም፤ እኛ ያደግነው በእሱ ነው። እሱ ግን ከዚያ ሁዳዴ ወዲህ አንዲት ቁራሽ አልቀመሰም። እንቁላል አይስማማኝም ይላል። ሁለተኛ ደረጃ ስደርስ ለብቻው አግኝቼ ጠየቅኩት።

“የእናትሽን ጾም ያስፈታሁት እኔ ነኝ” አለኝ። “እኔ ልጹምላት እንጂ።”

የድሮውን ቃሌን እንደገና አስገባኝ። ሦስት ዓመት ሆነው ካረፈ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ጾሙን አልፈታም።

ባለፈው እሁድ እናቴና ወንድሜ እኔ ቤት መጡ። ፍሪጅ ውስጥ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፤ ድንች፣ ጎመን፣ ያደረ መኮሮኒ፣ እንቁላል። ክዳኑን መጥበሻው ላይ ገጥሜ ስገለብጠው እናቴ አየችውና ፈገግ አለች።

“የዚያ ዓመቱ ሽምብራ እንቁላል ነበረበት” አለችኝ። “በመጀመሪያው ጉርሻ ነው ያወቅኩት።”

መጥበሻውን ምድጃው ላይ መለስኩት። ያኔ በማግስቱ የንስሐ አባታችንን አስጠርታ ጠይቃቸው ኖሯል። እሳቸውም ብይ፣ ስለትሽን ከወለድሽ በኋላ ትፈጽሚያለሽ ብለዋት፣ እሷም በሚቀጥለው ዓመት ፈጽማለች። ለምን ለአባቴ እንዳልነገረችው ጠየቅኳት።

“ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስለት ፊቱን ብታይው” አለች። “እንዳወቅኩበት ቢያውቅ ያፍር ነበር። ደስታውን ለምን ልቀማው?” ከዚያ ጨመረች፦ “የሚቆጨኝ እሱ ራሱ ሳይበላው መቅረቱ ነው። ያን ያህል እየወደደ ሳይስማማው ቀረ።”

ነገሩ ምላሴ ላይ መጣ። እሷ ተፈቅዶላት ለበላችው፣ አባቴ እስኪሞት ሲጾምላት ኖረ፤ አንዳቸው አንድ ቃል ቢተነፍሱ የሚያበቃ ጾም ነበር። ግን አልነገርኳትም። እኔም ደስታዋን ልቀማት አልፈለግኩም።

ወንድሜ የራሱን ጨርሶ መጥበሻው ጠርዝ ላይ የቀረችውን ቁራጭ ያያል። ቁመቱ የማድ ቤቴን በር ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው።

“ብላት” አለችው እናቴ። “የአባትህ ድርሻ ናት።”

አንስቶ በሁለት ጉርሻ ጨረሳት፤ ከዚያ ሌላ ትሠሪያለሽ ወይ ብሎ ክዳኑን አቀበለኝ።