ሳያዩኝ ያነሳኋቸው

ከቢቸና የወጣሁ ለት አባባ ሻንጣዬን ተሸክመው አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። ገና ጎህ አልቀደደም። ሻንጣውን ለረዳቱ ሰጡ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ዞረው ሄዱ። አንዴ እንኳ ዘወር ብለው አላዩኝም! ቡኒ ኮታቸውና ዘመም ያለው ግራ ትከሻቸው በአውቶቡሱ መብራት ታየኝና ጠፋ። ምን ልዋሻችሁ፣ ተቀየምኳቸው። ኋላ እማዬ በስልክ "እንባቸውን እንዳታይባቸው ብለው ነው፣ አንተ ሞኝ" አለችኝ።

የቱርክን ባሕር እንዴት እንደተሻገርኩ አልነግራችሁም፤ የተሻገረ ያውቀዋል፣ ያልተሻገረም ይቅርበት። አቴንስ ገባሁ። ሽሮ የለ፣ ጎረቤት "እንዴት አደርክ" አይል። ሰው ናፈቀኝ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያወረድኩ ባገኘሁት አንድ አሮጌ ካሜራ ገዛሁና የማላውቀውን የከተማ ሰው ሳያየኝ ማንሳት ጀመርኩ፤ አውቶቡስ የሚጠብቀውን፣ ብቻውን የሚስቀውን፣ ዓሣ የሚመርጠውን። መጀመሪያ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር፣ ኋላ ሱስ ሆነብኝ። እህል ሳልቀምስ ስዞር እውላለሁ።

አንድ ቀን ፖሊስ አስቆመኝ።

"ለምን ሰው ታነሳለህ?"

"ሆቢ ነው።"

"ወረቀት አለህ?"

"እየጠበቅሁ ነው።"

"ወረቀት የለህም፣ ሆቢ ግን አለህ?"

"ሆቢው ቶሎ ስለደረሰልኝ ነው ጌታዬ" አልኩት። ሳቀና ለቀቀኝ።

አከራዬ ኪርያ ሶፊያ ደግሞ፣ ኪርያ ማለት በእነሱ ወይዘሮ ነው፣ ፎቶዎቹን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ብታይ ጮኸችብኝ። "ክፍሉን ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው! ይሄ ሁሉ ሕዝብ ከየት መጣ?" ከዚያ ጠጋ ብላ አየችና ድምፅዋ ቀነሰ። "ይህ ሰውዬ ግን ማነው? ሦስቱም ላይ አለ።"

አየሁ። ኦሞኒያ አደባባይ፣ ባቡር ጣቢያው ደጅ፣ ዓሣ ገበያው። ሦስት የተለያየ ቀን። ቡኒ ኮት፣ ዘመም ያለ ግራ ትከሻ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ሽማግሌ። አባባን መሰሉኝ። "የዚህ አገር ሽማግሌ ሁሉ ኮት ይለብሳል" ብዬ ራሴን ገሠጽኩ።

በዚያው ሰሞን ቤት ስደውል አባባን አላገኛቸውም። ሞጣ ያገባችውን እህቴን ጥሩወርቅን ስጠይቃት "ጠበል ገብተዋል፣ እዚያ ስልክ አይያዝም" ትለኛለች። ሁለት ወር ሙሉ ጠበል? "ደህና ናቸው አልኩህ እኮ!" ብላ ትቆጣለች።

እሷንም በስልክ ፎቶ አስተምራት ነበር። "ሰው እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ አይቁምልሽ፤ ገበያውን እንዳለ፣ ሳያዩሽ አንሺው" እላታለሁ። ጎበዝ ተማሪ ናት፣ የሞጣን ገበያ አንስታ ላከችልኝ። የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ክንዳቸውን ዘርግተው አቡጀዲ ሲለኩ፣ ደንበኛቸው ስትከራከር። እሰይ አልኩ። እንደ ልማዴ ከኋላ ያሉትን ለማየት አጎላሁት። በጥግ በኩል አንዲት ሴት ታልፋለች፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ነጠላዋን ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ዘቅዝቃ። እማዬ ናት።

ለስደተኛ መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ነው፣ ማን ይይዘዋል ይባላል። እኔም እዚህ ከስንቱ ጓደኛዬ መርዶ ደብቄያለሁ። ስለዚህ አልፈረድኩባቸውም፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ሦስቱን ፎቶ ከግድግዳው ነቅዬ የተነሱበትን ቀን አየሁ። ሁሉም መጀመሪያ "ጠበል ገቡ" ባሉኝ ሳምንት የተነሱ ናቸው።

ደወልኩ።

"እማዬ፣ ሞጣ ነሽ?"

"ማን ነገረህ?"

"አየሁሽ። ነጠላሽን አየሁት።"

አለቀሰች። አብረን አለቀስን። ሲወጣላት ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት ይመስል፣ "እሳቸውንስ አላየሃቸውም?" አለችኝ። "'ምነው ያን ለት ዞሬ ባየሁት' ሲሉ ነው ያረፉት። ሳይመጡብህ አይቀሩም።"

ፎቶዎቹ ጉልበቴ ላይ ነበሩ።

"አየኋቸው እማዬ።"

"እሰይ! ፊታቸው እንዴት ነው፣ ልጄ?"

ሦስቱም ላይ ጀርባቸው ብቻ ነው። ካሜራዬን ይዤ በየቀኑ እወጣለሁ፤ እስካሁን አልመለስኩላትም።