ወጥ ላይ የሚነሰነስ ጉድ
ሸዋ ሮቢት መድኃኒት ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ዕቃ ሁሉ የሚመጣው እኔው ጋ ነው። ባለፈው፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ቀትር፣ ሁለቱ የደም ግፊት ደንበኞቼ፣ እትዬ ብዙነሽና ጎረቤታቸው ጋሼ ሰይድ፣ አንድ ጠርሙስ ይዘው ገቡ። ወጥ ላይ የሚነሰነስ ደቃቅ ቀይ ነገር ነው፤ የእትዬ ልጅ ከውጭ የላከችው።

«ለጾም ይሆናል?» አሉ እትዬ።

«ሥጋ ከሆነስ ማን ነው ያረደው?» አሉ ጋሼ ሰይድ።

ስሙን ብቻ አይቼ «የአሳማ ሥጋ ነው!» አልኩ። እትዬ አማተቡ፤ ጋሼ ሰይድ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው እስከ በሩ አፈገፈጉ። ጀርባውን ሳነበው ግን ሥጋ የሚባል ነገር የለበትም፤ አኩሪ አተር፣ ዘይት፣ ቀለም፣ ከዚያ ደግሞ የጨው መዓት።

«ይቅርታ፣ ስሙ ነው የአሳማ ሥጋ የሚለው እንጂ ጣዕሙን አስመስለው የሠሩት አኩሪ አተር ነው። ግን እንዳትነኩት! ጨው ተዉ እያልኩ ስንት ዓመት ለፈለፍኩ? ይሄ ግፊታችሁን ሰማይ ያደርሰዋል!»

ማን ሰምቶኝ! አኩሪ አተር ካልኩ በኋላ ጆሯቸው ተዘግቷል። እትዬ መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ለጋሼ ሰይድ አካፈሉ። ጋሼ ሰይድ አላምጠው አላምጠው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ምነው ልጄ፣» አሉኝ፣ «ጨው ረሱት እንዴ?»